ሳህኑ ባዶ ነበር፤ ሽሮ ግን አልበላችም

ልጄ ጠዋት ሲነሳ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት የእንሽላሊታችንን የሽሮን ሳህን ያያል። "እማ፣ ሙልጭ አድርጋ በልታለች!" ይለኛል። እኔም ደስ ይለኛል። ማታ ስምንት ትል አድርገንላት ተኝተናል፤ ጠዋት አንድም የለም። የሚበላልኝ ሰው ስወድ ነው ያደግኩት፣ ባዶ ሳህን ሳይ ልቤ ያርፋል። ሦስት ወር ያህል እንደዚህ ኖርን።

አንድ ቅዳሜ ዱቄት የምመዝንበትን ሚዛን አወጣሁ። የፕላስቲክ ዕቃ ላዩ ላይ አስቀምጬ ዜሮ አደረግኩትና ሽሮን ቀስ ብዬ አስገባኋት። 51 ግራም። እኛ ቤት የመጣች ዕለት 58 ነበረች። 7 ግራም ሲሉት ምንም አይመስልም። ግን 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሦስት ወር ውስጥ ከ7 ኪሎ በላይ ቀነሰ እንደማለት ነው። ያኔ ነው ጅራቷን ልብ ብዬ ያየሁት። የሷ ዓይነት እንሽላሊት ስቡን የሚያከማቸው ጅራቱ ውስጥ ነው። ደህና ስትሆን ጅራቷ ወፍራምና ድብልብል ነው። የሽሮ ጅራት ግን ቀጥኖ ሰርጎድ ሰርጎድ ብሏል። በየቀኑ ዓይኔ ሥር ሆና አላየሁም።

ሽሮ ሌፐርድ ጌኮ ናት። ዘሯ ከአፍጋኒስታን፣ ከፓኪስታንና ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ ምድር ነው። ቢጫ ቆዳ፣ ጥቁር ነጠብጣብ። ስሙን ያወጣላት ልጄ ነው፣ በቀለሟ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ የነበረ ጎረቤታችን ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ከነመስታወት ቤቷ ሰጠን። እንደሷ ያሉት በደንብ ከተያዙ 20 ዓመት ሊደርሱ ይችላሉ። ልጄ አሁን 9 ዓመቱ ነው። እሱ ኮሌጅ ገብቶ ከቤት ሲወጣ ሽሮ እኔ ጋ ትቀራለች ማለት ነው። ይሄን ሳስበው ነው ነገሩን የምር የያዝኩት።

ምግቧ ነፍሳት ብቻ ነው። ቅጠል አትበላም፣ ፍራፍሬ አትነካም። ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው ዓይኗን የሚስበው። ስለዚህ ምግቡ በሕይወት ያለ መሆን አለበት፤ በሕይወት ያለ ነገር ደግሞ ሳህን ውስጥ ቁጭ ብሎ መበላትን አይጠብቅም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሙሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

ሐኪም ጋ ይዣት ሄድኩ። የእንስሳት ሐኪሟ መዘነቻት፣ አፏን አየች፣ ሆዷን ዳሰሰች። ከዚያ ምን ያህል እንደምትበላ ጠየቀችኝ። በየሁለት ቀኑ ስምንት ትል አልኳት፣ በእርግጠኝነት።

"ስትበላ አይተሻታል? ወይስ ሳህኑን ባዶ ሆኖ ነው ያገኘሽው?"

መልስ አልነበረኝም።

ቤት ስንመለስ ሽሮን መያዣዋ ውስጥ አድርጌ የመስታወት ቤቷን ዕቃ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። ዋሻዋን። ውሃዋን። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳሁ። ከሥሩ ማሞቂያ ስላለ ሞቃት ነው። 11 ጥቁር ጥንዚዛ ቆጠርኩ። ስድስት ደግሞ ነጭ፣ ጥቅልል ብለው የተኙ፣ ስትነካቸው ብቻ ወገባቸውን የሚያወዛውዙ ፑፓዎች፣ ወደ ጥንዚዛ እየተለወጡ ያሉ። ትሎቹን መቁጠር ተውኩ። በጣም ብዙ ነበሩ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ "እነዚህ ሁሉ የሽሮ እራት ናቸው?" አለኝ። አዎ፣ እራቷ ነበሩ። ሦስት ወር ሙሉ አንዳንዱን ትይዝ ነበር፣ የቀረው ግን ከሳህኑ ወጥቶ ድንጋዩ ሥር ተሸሽጎ፣ አድጎ፣ ጥንዚዛ እየሆነ ነበር።

ያኔ የምንሰጣት ሚልወርም የሚባለውን ነው። ስሙ ትል ቢሆንም ትል አይደለም፤ የጥንዚዛ እጭ ነው። ከእንቁላል እጭ፣ ከእጭ ፑፓ፣ ከፑፓ ጥንዚዛ። ድሮም የእህልና የዱቄት ተባይ ነው፣ የነቀዝ ባልንጀራ በሉት። እዚህ በፉርሽካ ወይም በአጃ ያረቡትና በትንንሽ ዕቃ ይሸጡታል። ብርሃን አይወድም። ሲበራበት መሸሸግ ነው የሚፈልገው፣ ከታች ከሆነ ከታች፣ ከጎን ከሆነ ከጎን።

እናቴ በዚያው ሰሞን ከደብረ ማርቆስ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። እማዬ ለሽሮ ብዙም ፍቅር አልነበራትም። አገር ቤት እንሽላሊት የድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ማን ቤት ያስገባዋል? ግን የልጅ ልጇ ከፍቶት ስታይ መጣችና ሳህኑን አነሳችው። መነፅሯን አልፈለገችም። በሌባ ጣቷ የሳህኑን ውስጥ ከታች እስከ ጠርዙ ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው። ሁለት ጊዜ።

"ይሄማ ሻካራ ነው" አለች። "በዚህ እንኳን ትል፣ ሕፃን ልጅም ይወጣል።"

ሳህኑን ከዕቃ መሸጫ ነው የገዛሁት። ድንጋይ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። ማሸጊያው ላይ ለእንሽላሊት መመገቢያ ይላል። ከመስታወት ቤቱ ጋር ስለሚሄድ ነው የወደድኩት። ውስጡንም እንደ ውጪው የተፈጥሮ ድንጋይ አስመስለው ቆረቆንዳ አድርገውታል። ለትሉ ደረጃ ሠርተውለታል ማለት ነው።

እማዬ ከዚያ የነገረችኝ ስለ ጎታ ነው። ልጅ ሆና እናቷ ጎታ ስትሠራ ጭቃውን ለቅልቃ ስትጨርስ ገና ሳይደርቅ በእርጥብ እጅና በለስላሳ ድንጋይ ታሻሸው ነበር። "ስንጥቅ ካለው ነቀዝ ይቀመጥበታል፤ ልሙጥ መሆን አለበት" ትላቸው ነበር። ስኳርና ማር ደግሞ ውሃ ያለበት ሳህን መሃል ያስቀምጡ ነበር፣ ጉንዳን እንዳይደርስበት። እኔም ይሄኛውን በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ትንሽ ነፍሳትን መከልከል እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሥራ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ዕውቀት የተውኩት ጎታ በሌለበት ቤት ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር።

ማታ ልጄን ይዤ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አልን። ቤት ውስጥ ያገኘነውን ዕቃ ደረደርን። የድሮውን ሳህን፣ የዕጣን ማጨሻ፣ የቡና ስኒ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ አዲስ የእርጎ ፕላስቲክ፣ አንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሽቦ የተፈተገ አሮጌ ፕላስቲክ። በየአንዳንዱ ሦስት ሦስት ትል። ልጄ በስልክ ሰዓት ያዘ።

ማጨሻው ሸክላ ነው፣ አልተቀባም፤ ትሉ ግድግዳውን እንደ ሜዳ ነው የሄደበት። የድሮው ሳህን ውስጥ የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጠርዙ ላይ ደረሰ። አሮጌው ፕላስቲክም ቆይቶ ለቀቀ፤ ሲታይ ልሙጥ ይመስላል፣ ግን ጭረቱ ይበቃዋል። ስኒው ላይ ግን ሌላ ነገር አየን። ትሉ ከታች ተነስቶ ሰውነቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከራሱ ሥር ያሉት ስድስት ትንንሽ እግሮች ይሠራሉ፣ ይሠራሉ፣ ይንሸራተታሉ። የሚጨብጠው የለም። ትንሽ ቆሞ ወደ ጎን ወደቀ። ደግሞ ተነሳ። ልጄ አገጩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። "ጥፍሩ ምንም አልያዘም" አለ።

ነገሩ እውነትም የጥፍር ነው። ግድግዳ የሚወጡ ነፍሳት ሁለት ዓይነት መሣሪያ አላቸው። አንዱ ጥፍር ነው፣ ሻካራ ነገር ላይ ይንጠለጠላል። ሌላው እግራቸው ጫፍ ላይ ያለ የሚለጠፍ ነገር ነው፣ መስታወት እንኳን ያስወጣል። ቤታችን የሚያስቸግረን ትንሹ የኩሽና በረሮ ሁለቱም አለው፤ ለዚህ ነው ብርጭቆ ውስጥ የማይቆመው። ሚልወርም ያለው ጥፍር ብቻ ነው። ጥፍር ብቻ ያለውን ለመያዝ ግድግዳው ልሙጥ ይሁን እንጂ እንደ ጉድጓድ ጥልቅ መሆን አያስፈልገውም። እኔ ግን ትሎች ሲጠፉ መጀመሪያ ያሰብኩት ከፍ ያለ ሳህን ልግዛ ብዬ ነበር።

ርዝመት የሚመጣው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሱፐርወርም የሚባል ትልቅ ዓይነት አለ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እሱን 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የስኒ ማስቀመጫ ላይ ካደረጋችሁት መውጣት እንኳን አያስፈልገውም፤ ቀጥ ብሎ ይቆምና ራሱን ጠርዙ ላይ ይጥላል። በቃ ወጣ። ስለዚህ ግድግዳው ልሙጥ ሆኖ ከትሉ ቁመት ትንሽ መብለጥ አለበት። ብዙ ሆነው ሲከመሩም አንዱ በሌላው ላይ ቆሞ ይወጣል፤ እኔ ከአምስት በላይ በአንዴ አላደርግም።

በማግስቱ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን አስገባሁ። ኮራሁ። ጠዋት ስምንቱም ትል እንዳለ አለ። ቀጣዩ ቀንም እንዳለ አለ። ሽሮ ግን አልበላችም።

ማታ መብራት ቀንሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሲመሽ ከዋሻዋ ወጣች። በመስታወቱ በኩል ትሎቹን አየቻቸው። ጅራቷን ቀስ አድርጋ ማወዛወዝ ጀመረች፣ ልትይዝ ስትል እንደዚያ ታደርጋለች። ሄደች፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። የፊት እግሮቿን አነሳችና ጫነችበት። ተንሸራተቱ። ዞረች፣ በሌላ በኩል ሞከረች። ተንሸራተቱ። ከዚያ ትንሽ ቆማ አየችና ወደ ዋሻዋ ተመለሰች።

ብዙ ሰው ጌኮ ሲባል ጣሪያ ላይ ተገልብጦ የሚሄደውን ነው የሚያስበው። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ጣታቸው ሥር መስታወት ላይ የሚለጠፍ ነገር አላቸው። ሌፐርድ ጌኮ የለውም። የመሬት እንስሳ ነው፣ እሷም ያላት ጥፍር ብቻ ነው። ትሉን የያዘው ግድግዳ እሷንም ከልክሏታል። ሳህኑ ለሁለት ፍጥረት መሠራት አለበት፤ አንዱን እንዳያስወጣ፣ ሌላዋን እንዲያስገባ። ሁለቱም ጥፍር ብቻ ነው ያላቸው። ይሄን ያወቅኩ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምግቧን እያየች ተመልሳ የተኛችው ሽሮ ዓይኔ ላይ ቀረች።

መፍትሄው ቀላል ነበር። ውስጡን ልሙጥ አደረግኩት፣ ውጪውን ሻካራ። 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ አፉ ሰፊ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ትንሽ የታጠፈ ነጭ የሸክላ ሳህን አገኘሁ፣ መስታወት መስሎ የተቀባ። ጠርዙ መታጠፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ትሉ እዚያ ቢደርስ እንኳን ወደ ኋላ ተገልብጦ ይወድቃል። ከውጪ በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ ደግፌ ደረጃ ሠራሁላት። ሽሮ ደረጃው ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ውስጥ አድርጋ ትለቅማለች። የመጀመሪያውን ስትይዝ ልጄ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነበር፣ እንዳይጮህ።

ግን አሁንም አላለቀም። ከሳምንት በኋላ ሦስት ትል ጠፋ። ሳህኑ ልሙጥ ነው፣ ታጥቧል። ስልኬን ቀጥ አድርጌ አቁሜ ቪዲዮ ቀዳሁ። ጠዋት ቁርስ ላይ ከልጄ ጋር አየነው። ትሎቹ የሚበሉት ነገር እንዲያገኙ ብዬ ቀጭን የካሮት ቁራጭ አድርጌ ነበር፤ ረዘም ያለ ነው፣ አንድ ጫፉ ጠርዙ ላይ ተደግፏል። ትሎቹ ተራ በተራ በካሮቱ ወጥተዋል። መሰላሉን እኔ ነኝ ያቆምኩላቸው። አሁን ካሮቱን እንደ ሳንቲም ክብ አድርጌ ነው የምቆርጠው፣ ወለሉ ላይ ተኝቶ የሚቀር። የሚደገፍ ነገር ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ቅጠል፣ የሽሮ የወለቀ ቆዳ፣ ሳህኑ አጠገብ ያለ ዋሻ። ሳህኑን መሃል አድርጉት፣ ምንም አይንካው። ደግሞ የካሮትና የድንች ጭማቂ ግድግዳው ላይ ሲደርቅ ዓይን የማያየው ሻካራ ይሠራል፤ በሙቅ ውሃና በትንሽ ኮምጣጤ አጥቤ አደርቀዋለሁ።

አንዳንዱ ሰው ሳህኑን ቫዝሊን ይቀባል። እባካችሁ ሽሮ የምትበላበት ላይ አታድርጉት፤ በምላሷ ሁሉን ነገር የምትቀምስ ፍጥረት ናት። የትሉን ራስ የሚጨፈልቁም አሉ፣ እንዳይሸሽ፣ ወይም ከተዋጠ በኋላ ሆድ በልቶ ይወጣል በሚል ወሬ። ወሬው ውሸት ነው። ያን ማድረግ ልቤ አይፈቅድም። ትሉ ሊበላ ነው የተዘጋጀው፣ ያንን ተቀብያለሁ፤ ግን ሳህኔ መጥፎ ስለሆነ ትሉን ማሰቃየት የለብኝም።

ስለ ክሪኬት ደግሞ ልንገራችሁ፣ የፌንጣ ዘመድ፣ ማታ ጭር ጭር የሚለው። ይሄ ሳህን የሚባል ነገር አያውቅም። ይዘላል። ንፁህ መስታወት መውጣት አይችልም፣ ግን የመስታወት ቤቱ ማዕዘን ላይ መስታወቱን ያያያዘው ሲሊኮን ለጥፍሩ ይመቸዋል፤ በማዕዘኑ በኩል እስከ ክዳኑ ይወጣል። አንዴ አንድ ወንድ አምልጦ ማቀዝቀዣው ጀርባ ገባ። የሚጮኸው ወንዱ ነው፣ ክንፉን በክንፉ እያሻሸ። ስድስት ሌሊት ጮኸ። ማቀዝቀዣው ጀርባ ስለሚሞቅ ነው መሰለኝ ሲጮህ አጣድፎ ነው። ኤሞስ ዶልቤር የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1897 የጩኸቱን ፍጥነት ቆጥሮ የአየሩን ሙቀት ማወቅ እንደሚቻል ጽፏል። እማዬ ግን ሌሊት ሳሎን ተቀምጣ ትሰማው ነበር። "አገሬን አመጣብኝ" አለችኝ። ስለዚህ እስከሚቆም አልፈለግኩትም።

የክሪኬት ትልቁ ችግር ጩኸቱ አይደለም። ይናከሳል። ይሄን የተማርኩት ከትሉ ነገር በፊት ነው፣ አሁንም ስጽፈው ይከብደኛል። ሽሮ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት 10 ክሪኬት ለቀቅኩላትና ተኛን። ጠዋት የኋላ እግሯ አንድ ጣት ቆስሎ አገኘሁት። አንድ ክሪኬት አጠገቡ ነበር። ያልተበላ ክሪኬት ሌሊት ይርበዋል፣ የተኛ እንሽላሊት ደግሞ አይሸሽም። ጣትን፣ ጅራትን፣ የዓይን ሽፋንን ይነክሳሉ። ቁስሉ ድኗል፤ ጥፍሯ ግን አልተመለሰም። ሰው ነፍሳት አመለጡብኝ ሲል ምንጣፍ ሥር የገቡትን ነው የሚያስበው። እኔ ከሳህን ማምለጥ ሲባል የሚታየኝ ያቺ ጣት ናት።

አሁን ክሪኬት ስሰጣት ሳህን አልጠቀምም። ለጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አደርጋቸዋለሁ፣ ሰውነታቸው ሲቀዘቅዝ ይፈዛሉ። በወረንጦ አንድ በአንድ እሰጣታለሁ። የኋላ እግራቸውን የሚነቅሉ አሉ፤ እኔ አላደርገውም፣ ቅዝቃዜው ይበቃል። መያዝ ያልቻለችው ካለ ሳይነጋ መውጣት አለበት። ለዚህ የወጥ ቤት ወረቀት የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ አስገባለሁ። ክሪኬት ጨለማ ቦታ ይወዳል፣ ራሱ ይገባበታል። ቱቦውን ሁለቱንም ጫፍ በእጄ ይዤ አወጣዋለሁ። ሌሊቱን ትል ሳህን ውስጥ መተው ይቻላል፣ ክሪኬት ግን በጭራሽ።

በመጨረሻ ሐኪሟ የመከረችኝ በረሮ ነው። አዎ፣ በረሮ። እማዬ ሰምታ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "ከአገር ቤት ጀምሮ ስናሳድደው የኖርነውን በገንዘብሽ ልትገዢ ነው?" አለችኝ። ይገባኛል። እኔም የመጀመሪያውን ሳጥን ስቀበል እጄ ተንቀጥቅጧል። ግን ዱቢያ የሚባለው በረሮ ሌላ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ልሙጥ ፕላስቲክና መስታወት አይወጣም፤ ያ የሚለጠፍ መሣሪያ አይሠራለትም። አይጮህም። ሴቷ ክንፏ ጉቶ ነው፣ ወንዱ ክንፍ ቢኖረውም መብረር አይሆንለትም። ለመራባት ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል፣ እኛ ቤት ወለል ላይ ያንን አያገኝም። ለአንድ ሳህን ከዚህ የተሻለ እንግዳ የለም፤ ቁጭ ይላል፣ ዝም ብሎ ጥግ ይፈልጋል፣ ሽሮ ስትደርስ ብቻ ይሮጣል። መሮጡ ደግሞ ነው የሚያስደስታት። የማስቀምጥበት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከላይ በኩል ዙሪያውን የካርቶን ማሸጊያ ልሙጥ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ፣ ሳጥኑ ቢጫጫር እንኳን እዚያ ሲደርሱ ይንሸራተታሉ። ቡና ሊጠጣ የሚመጣ ሰው ካለ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። አንድ ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣችም፤ አልፈርድባትም።

ካልሲየሙን ሳልናገር አልለፍ። ነፍሳት ውስጥ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም ብዙ የለም። ካልሲየም ካላገኘች አጥንቷ ይለሰልሳል፣ መንጋጋዋ፣ እግሯ። ስለዚህ ነፍሳቱን በላስቲክ ውስጥ ከነጭ የካልሲየም ዱቄት ጋር ነቅነቅ አድርጌ ነው የማወጣቸው። ዱቄቱ ደግሞ አይቆይም። ክሪኬት ራሱን ይጠርጋል፣ ትል እየተሳበ ያራግፈዋል። ሳህን ውስጥ ብዙ የቆየ ነገር ዱቄት የለውም። ለዚህም ነው ጥቂት አድርጌ ቶሎ እንዲያልቅ የምፈልገው። ከዚያ በተረፈ የቡና ስኒ ክዳን በምታክል ዕቃ ንፁህ ካልሲየም ጥግ ላይ አለ፤ ሲያሻት ትልሳለች።

አሁን ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ልጄ ነው የሚሞላው። ቀን፣ ስንት ገባ፣ ስንት ቀረ፣ ስንት ስትበላ በዓይናችን አየን። የመጨረሻውን መስመር እሱ ነው የጨመረው። እሑድ እሑድ ክብደት። 51፣ 52፣ 52፣ 54። አንድ ጊዜ ቀነሰች፣ ቆዳዋን ልትቀይር ነበር፣ ያኔ አትበላም። ከዚያ 56። ባለፈው እሑድ 61።

እማዬ ወደ አገር ቤት ከተመለሰች አራት ወር ሆኗታል። ስትደውል መጀመሪያ ልጄን፣ ቀጥሎ ሽሮን ነው የምትጠይቀው። "ጅራቷ እንዴት ነው?" ትላለች። ትናንት ማታ ስትደውል ሽሮ እየበላች ስለነበር ልጄ ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠጋው። ሽሮ ደረጃዋ ላይ ቆማ ነበር። ሳህኑ ውስጥ ዱቄት የነካው አንድ ትል ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ፣ ተንሸራተተ፣ ወደቀ።

"ልሙጥ ነው፣ አይደል?" አለች እማዬ።

"ልሙጥ ነው እማማ" አላት። ሽሮ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ልጄ እስክሪብቶውን አነሳና አራት ብሎ ጻፈ።